ነጯ ጎማ

የባሌን አባት ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ንፋስ ነው የሚላቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጎማ ሲነፉ ስለኖሩ ያንን ስም አሁን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ሲቆጡ ግን፣ በሆዴ፣ እኔም ንፋስ ነው የምላቸው፤ ቁጣቸው ድንገት ተነስቶ በርና መስኮቱን ያንጓጓና ዞር ብላችሁ ስታዩት የለም።

ጎሚስታ ናቸው። ሱቃቸው ከዋናው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ ቢገባበት ሰው አይገባበትም። ግን የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ሲነሳ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ኮምፕሬሰር፣ የተበሳ ጎማ እየነከሩ አረፋ የሚፈልጉበት በግማሽ የተቆረጠ በርሜል፣ ክሪክ፣ በየመጠኑ መፍቻ። በር ላይ ምሰሶ ቆሟል፤ ምሰሶው ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ጎማ ተንጠልጥሏል። ማስታወቂያቸው እሱ ነው። ጽሑፍ የለውም። አንዴ «ለምን ስም አይጻፍበትም?» ብላቸው «ጎማ ሰቅዬ ጎማ እሠራለሁ ብዬ ልጻፍ? ሰው ዓይን የለውም እንዴ?» አሉኝ።

ጎማ አይተው ሰው ያውቃሉ። ጠርዙ የተበላ ሲመጣላቸው «ይሄ ሰውዬ ኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ ውርደት ይመስለዋል» ይላሉ። ጎኑ የተፋቀ ከሆነ «ይቺ ደግሞ ስልክ እያወራች ነው መኪና የምታቆመው።» መሀሉ ብቻ ያለቀ ሲያዩ በቁጭት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ንፋስ በዝቶበታል ማለት ነው፣ ጎማ በንፋስ የሚወጥር ሰው ደግሞ አይወዱም። ልጃቸውን፣ ማለትም ባሌን፣ ልብስ ሰፊ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም። «የሰው ወገብ ምን ቁም ነገር አለው? ዛሬ ይወፍራል፣ ነገ ይከሳል» ይሉታል። የሱ የስፌት ክፍል ከሳቸው ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ የስፌት መኪናው መርፌ ይዘላል። ባሌ እንደ አባቱ አይጮህም። መርፌውን ያስተካክልና ይቀጥላል።

ከሁሉ በላይ አባባ አንድ ሕግ አላቸው። አዲስ ጎማ ሁልጊዜ ፊት! መሪው ያለው ፊት ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ጎማ የሚገባው ፊት ነው። የሰፈሩ ታክሲ በሙሉ በዚህ ሕግ ሲሄድ ኖሯል፤ ሕጉ አንድም ቀን አሳፍሯቸው አያውቅም። እኔ መኪና እስክገዛ ድረስ።

እኔ ሹፌር ነኝ። ለዓመታት በሰው ሚኒባስ የትምህርት ቤት ልጆች ሳመላልስ ኖሬያለሁ፤ ጆሮዬ ጩኸት ከመልመዱ የተነሳ ዝምታ ያስደነግጠኛል። የራሴ መኪና ሊኖረኝ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር «ሂድ ወዲያ፣ አትቀልድብኝ» እለው ነበር። ግን ባሌና እኔ ያለንን ጠራርገን ከአንድ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ላይ ክሮስኦቨር ገዛን። ከቤት መኪና ከፍ ያለች፣ ከጂፕ ዝቅ ያለች፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ቀለሟ ጥቁር ሰማያዊ፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚገፉ የቅንጦት መኪና! የመጀመሪያው ቀን ውስጧ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮኽኩ። ከውጭ ለቆመው ባሌ አልተሰማውም። ደስ ሲለኝ ደግሜ ጮኽኩ።

እብደት አይደለም፣ ምክንያት ነበረን። ከከተማው በላይ ኮረብታ ላይ ያለው ሆቴል እንግዶቹን ከአየር ማረፊያ የሚያመላልስ ባለመኪና ይፈልጋል። ወደ ሆቴሉ የሚወስደው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ዳገቱ ለጉድ ነው፣ ኩርባው መሪ አዙሮ አይጠግብም፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሳሙና ነው። ሥራ አስኪያጇ ስታነጋግረኝ መመዘኛዋን በአጭሩ ነገረችኝ።

«እንግዶቼ ሲጓዙ አድረው ነው የሚመጡት። መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ካልወሰዳቸው ያ መኪና ለኔ አይሆነኝም። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ከኋላ እቀመጣለሁ። ታወጪኛለሽ። ካልሆነ ካንቺ ቀጥሎ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ሥራው ከተገኘ መኪናዋ የኔ ናት፤ ካልተገኘ ልንሸጣት ነው። እኔም ወደ ሰው ሚኒባስ፣ ወደ ሰው ቁልፍ። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነበር።

አባባ መኪናዋን ሲያዩ ዙሪያዋን ዞሩ፣ ጎማዋን በጫማቸው መታ መታ አደረጉ፣ ሄዱ። በማግስቱ ሁለት አዳዲስ ጎማ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እጃቸው እያንከባለሉ መጡ። የሚያብረቀርቅ፣ ወረቀቱ ገና ያልተላጠ፣ የገዛ ሱቃቸው ውስጥ እንኳን አይቼው የማላውቅ ዓይነት።

«ለልጄ ሚስት ነው» አሉ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ። «ሆቴል ልትሠራ ነው። ፊቷን አዲስ ጫማ አጫማታለሁ!»

ከሠርጌ ቀን ጀምሮ የልጄ ሚስት ነኝ። «የልጄ ሚስት፣ ውሃ አቀብዪኝ። የልጄ ሚስት፣ ይቺን ብሎን ያዢልኝ።» ክፋት የለውም፣ አፋቸው ለምዶት ነው። የፊቶቹን ጎማዎች ፈትተው አዲሶቹን አሰሩልኝ። የወጡት ሁለቱ ብዙም አላረጁም ነበር። አንዱን በር ላይ አስቀምጠው የደንበኛ መቀመጫ አደረጉት፤ ሌላውን፣ የድሮውን ምልክት ፀሐይ ሰነጣጥቆት ስለነበር፣ ነጭ ቀብተው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። እኔ ዓይኔ እንባ አቅርሮ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አልኩ። «ንፋሷን በየሳምንቱ አምጥተሽ አስለኪ፣ ምስጋናው እሱ ነው» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ትንገጫገጭ ጀመር።

ቀጥታ መንገድ ላይ ምንም የለባትም። ቀስ ብላ ስትታጠፍ ግን፣ በተለይ መሪውን ጥርቅም አድርጌ ስይዘው፣ ከታች የሆነ ነገር ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል። ወንበሩ ከሥሬ ይርገበገባል። ራቅ ካለ መንገድ ስመለስ ደግሞ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ዳሽቦርዱ ላይም ብጫ መብራት በራች። ባሌ መብራቷን ሲያይ የያዘውን ስፌት አጣጥፎ «ሳትቆም እንሽጣት» አለ። አባባ ደግሞ «ካምቢዮዋ ነው። ከጎማ በላይ ያለው ነገር ሁሉ የሚበላሸው ሰው ስለሠራው ነው» ብለው ደመደሙ። ጎማንም ሰው ነው የሚሠራው ብዬ ልመልስላቸው አልኩና ምላሴን ዋጥኩ።

ከአባባ ሱቅ ትይዩ፣ መንገዱ ማዶ፣ ካምቢዮ የሚጠግን ሰው አለ። ስለ አንዲት ብሎን ሲጠየቅ እንኳን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለሚያስረዳ ፕሮፌሰር ይሉታል። ከዓመታት በፊት ሰው በተሰበሰበበት «ጎማ የነፋ ሁሉ መካኒክ ነው እንዴ?» ብሎ አባባን አስከፍቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም። የሚነጋገሩት በደንበኛ በኩል ነው፦ «ለዚያኛው ንገረው፣ መኪናውን ከደጄ ያንሳ።» እኔ ግን ቅዳሜ እየደረሰብኝ ነው፤ የነሱን ኩርፊያ የማስታምምበት ጊዜ አልነበረኝም። ዓርብ ጠዋት፣ አባባ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ጠብቄ መኪናዋን ማዶ አሻገርኳት።

ፕሮፌሰር ከሥሯ ገብቶ የካምቢዮውን ዘይት አወረደ። ቀይ መሆን የነበረበት ጥቁር ሆኖ ወረደ። በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው፣ እጁን ወደ እኔም አስጠጋ። ያረረ ዳቦ ይሸታል።

«ይሄ ዘይት ተቀይሮ ያውቃል?»

«የሸጡልኝ ሰውዬ ዕድሜ ልክ አይቀየርም ብለውኛል።»

«የማን ዕድሜ ልክ?» አለ ቅንድቡን ሰቅሎ። «ዘይቱ እንደሆነ ዕድሜውን ጨርሷል፣ ነፍስ ይማር። እህቴ፣ ዘይት ይደክማል። ካምቢዮ ውስጥ ያለው ብረት የሚያርፈው በዘይት ላይ ነው፤ የደከመ ዘይት ላይ ያረፈ ብረት እርስ በርሱ ይበላላል። እቀይርልሻለሁ። ግን የሚያንገጫግጫት እሱ ብቻ አይደለም። ነይ እዪ።»

ካርቶን አነጠፈልኝና ጎኑ ገብቼ ተንጋለልኩ። መኪናዬን ከታች አይቻት አላውቅም ነበር። ከሞተሩ ሥር ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የራስ ቅል የምታህል የብረት ሳጥን።

«የድሮዋ ሚኒባስሽ የምትገፋው በሁለት ጎማ ነው» አለ ፕሮፌሰር። «የቀሩት ሁለቱ ተሳፋሪ ናቸው። ይቺ ግን አራቱም ሠራተኛ ናቸው። ካምቢዮው ጉልበቱን ከሞተሩ ይቀበላል፣ ለፊት ይሰጣል፣ የተረፈውን በዚህ ዘንግ ወደ ኋላ ይልካል። ይቺ ሳጥን በር ጠባቂዋ ናት። ውስጧ ስስ ስስ ፍሪሲዮኖች ተደርድረዋል። የፊት ጎማ ሲያንሸራትተው ይያያዙና ጉልበቱን ለኋላው ያሳልፋሉ። መንገዱ ደህና ሲሆን ይላቀቃሉ፣ ያርፋሉ።»

«እና የኔዋ ምን ሆነች?»

«ያንቺዋ ጠባቂ ዕረፍት የላትም። አራት ሰው ቁም ሣጥን ተሸክሞ ሲሄድ አስቢ። የፊተኞቹ እርምጃቸው ረጅም፣ የኋላዎቹ አጭር ቢሆን ማነው የሚጎዳው?»

«ቁም ሣጥኑ!» አልኩ፣ ጭንቅላቴን ከመኪናው ወለል ጋር እያጋጨሁ።

«እሱን ነው የምልሽ። የፊትና የኋላ ጎማሽ እኩል የማይራመዱ ከሆነ መኪናዋ አንዱ እየተንሸራተተ ነው ብላ ታስባለች። ሳጥኗ ቀኑን ሙሉ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ። ትሞቃለች። በመጨረሻ ታርራለች። እስካሁን አላረረችም፣ ጥሩ ጊዜ ነው የመጣሽው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «በቅርቡ ጎማ ቀይረሻል?»

ያን ጊዜ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተሰማኝ። አንደኛው ደስታ ነበር፣ ምን ልበላችሁ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ መብራት ሲበራ እንደሚሰማው ያለ። ሁልጊዜ የምነዳውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ! ሁለተኛው ደግሞ አባባ ሁለቱን ጎማ እያንከባለሉ ሲመጡ ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ነው። ይሄን ማን ይነግራቸዋል?

እኔው ነኛ። ዘይቱ ተቀይሮ መኪናዋን ወደ ማዶ መለስኳት። አባባ በር ላይ ቆመው ከየት እንደመጣሁ አይተዋል።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እንዳይቆጡ።»

«የሚያስቆጣ ከሆነ ቶሎ ተናገሪ፣ ዝናብ ሳይመጣ ልቆጣ።»

«ጎማዎቹ ናቸው። የሰጡኝ። ከኋላዎቹ ይበልጣሉ፣ አብረው መራመድ አልቻሉም፤ ለኋላው ጉልበት የምታሳልፈው ሳጥን በዚህ የተነሳ ልታርር ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙሉ አልጽፈውም። የአንገታቸው ደም ሥር ተገታተረ። መቀመጫው ጎማ ላይ ተራውን ይጠብቅ የነበረ የታክሲ ሹፌር ቀስ ብሎ ተነስቶ ራቅ አለ።

«ያ በዘይት የተነከረ ሰውዬ ነው ይሄን የነገረሽ? ጎማ አይደለም እንዴ? ያው ቁጥር፣ ያው ቸርኬ! ወረቀቱ ያልተላጠ ጎማ ሰጥቼ እኔ ነኝ ጥፋተኛው? አዲስ ፊት ነው! ሁልጊዜ ፊት ነው! ይሄን ሥራ ስጀምር እሱ ጥርስ አልነበረውም!»

ጩኸቱን ሰምቶ ባሌ ከስፌት ክፍሉ ወጣ። ሜትሩ እንደ ልማዱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አባቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጎማዎቹን አየ።

«አባባ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እንለካቸዋ።»

«ምናቸውን?»

«ወገባቸውን።»

ባሌ ተንበረከከና የአባቱን ክሪክ አስገብቶ ጎማውን ከመሬት አነሳ። ሜትሩን በፊተኛው ጎማ ዙሪያ፣ መሬት በሚነካው ጥርሱ ላይ አዞረ፤ ስላልበቃው በልብስ ሰፊ ጠመኔው ምልክት አድርጎ ከዚያ ቀጠለ። ከዚያ ወደ ኋላኛው ሄደ። ሲጨርስ ሁለት ጣቱን ገጥሞ አሳየን። የፊቱ የኋላውን በሁለት ጣት ይበልጠዋል።

«ሜትርህ ሱሪ የለመደ ነው፣ አምጣ!» ብለው አባባ ቀሙት። ራሳቸው ለኩ። ያው ነው። በሌላኛው ጎን ያሉትን ለኩ። ያው ነው። ሜትሩን ይዘው መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። እኔ ቅስማቸው ተሰበረ ብዬ ልደግፋቸው ጎንበስ ስል ዓይናቸውን አየሁት። እንደ ልጅ ዓይን ያበራል።

«ሁለት ጣት» አሉ። «አንዴ በተሽከረከረ ቁጥር ሁለት ጣት። ከዚህ አየር ማረፊያ ስንት ጊዜ ይሽከረከራል? አንቺ! ይሄ እኮ… ይሄ እኮ ጉድ ነው! ፀጉሬ እስኪሸብት ጎማ ስነፋ ጎማ ከጎማ ጋር እንደሚነጋገር የነገረኝ የለም!»

ተነሱ። በነጠላ ጫማቸው መንገዱን አቋረጡ፤ አንድ ሚኒባስ ፍሬን ይዞ ጥሩምባውን አንባረቀባቸው፣ ዞረውም አላዩት። ያ ሁሉ ዓመት ያልረገጡትን ደጅ ረግጠው «አንተ ፕሮፌሰር! ያቺ ሳጥን የት ናት? ና አሳየኝ!» አሉ። ፕሮፌሰር ደንግጦ መፍቻ ከእጁ ወደቀ። ቀጥሎ የማየው ሁለቱ መኪናዬ ሥር ተንጋለው፣ አራት እግር ወደ ውጭ ተዘርግቶ፣ ባትሪ እያበሩ ሲጨቃጨቁ ነው።

«ታዲያ የንፋሱ ልክ ቢለያይስ?»

«እሱም ያው ነው ጋሼ። ንፋስ ያነሰው ጎማ እርምጃው ያጥራል።»

«እሱማ የኔ ክፍል ነው! ንፋሱን ለኔ ተወው!»

ሳቄን ማቆም አልቻልኩም። ባሌም ሳቀ። ከዚያ ግን ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረና ነገ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለኝ። አራት እኩል ጎማ ከየት ይመጣል? የኔዋን መጠን የሚሸጠው ሱቅ ሁለት ተጨማሪ እስኪያስመጣ ሳምንት ያልፋል። ባሌ በየሱቁ ደወለ፣ የለም። በሌላ በኩል ግን መልሱ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንዳችንም አፍ አውጥተን ልንናገረው አልደፈርንም። ከኋላዎቹ ጋር እኩል የሄዱት፣ እኩል ያለቁት ሁለቱ ወንድሞቻቸው እዚያው ነበሩ። አንዱ የታክሲ ሹፌሩ ተቀምጦበት የነበረው ነው። ሌላው ምሰሶው ላይ፣ ነጭ ሆኖ፣ ዝናብ እየመታው ተሰቅሏል።

አባባ ከመኪናው ሥር ወጥተው ቀና ብለው አዩት። ያለ ምልክት አንድ ቀን ውለው አያውቁም። የሞትኩ ለታ ብቻ ነው ምሰሶው ባዶውን የሚያድረው ይሉ ነበር።

«መሰላል አምጣ» አሉት ልጃቸውን።

«አባባ፣ እኔ ልውጣ።»

«እኔ ነኝ የሰቀልኩት፣ እኔ ነኝ የማወርደው።»

አወረዱት። ውስጡን ውጩን በባትሪ ፈተሹ፣ ፀሐይ እንዳልሰነጠቀው አረጋገጡ፣ በርሜሉ ውስጥ ነክረው አረፋ ፈለጉ። ወገቡን ለኩ። ከኋላዎቹ ጋር ልክክ አለ! መቀመጫውንም ለኩ፣ ልክክ! ሦስታችንም እንደ ጎል ጮኽን፤ ወደ ጋራዡ የተመለሰው ፕሮፌሰርም ከማዶ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጮኸ። አባባ መሬት የሚነካው ጥርሱ ላይ ያለውን ቀለም እንዳያንሸራትት በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ እስኪጠፋ ፈገፈጉት። የጎኑን ነጭ ለማጽዳት ግን መሸ። እንዳለ ታሰረ። ምሰሶው ራቁቱን ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ መንገዱ ግን ርጥብ ነው። አባባ ሳልጋብዛቸው ከፊት ተቀመጡ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሥራ አስኪያጇ መጣች፣ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየችና ፊት በስተቀኝ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ምንድነው? አዲስ ፋሽን ነው?»

«ማስታወቂያ ነው» አሉ አባባ በመስኮት።

ከኋላ ገብታ ተቀመጠች። መስታወት ውስጥ ፊቷን አየሁት፤ ሳቅ የሚባል የለም። ኮብልስቶኑ ጀመረ፣ ዳገቱ ጀመረ። የመጀመሪያው ኩርባ መጣ። መሪውን ቀስ ብዬ ጠመዘዝኩ፣ ጥርቅም አደረግኩት። አባባ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ምንም።

መኪናዋ ዝም ብላ ታጠፈች። ወንበሩ አልተርገበገበም። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ውሃ ያቆረ ቦታ ነበር፤ ፊቱ ትንሽ ሸርተት ሊል ሲል ከኋላ የሆነ ጉልበት መጥቶ አይዞሽ ያለኝ ያህል ገፋ አደረገኝ። ያቺ ሳጥን ናት! አወቅኳት! በሩን ከፈተች፣ አሳለፈች፣ መልሳ ዘጋች! ልጮህ ደረስኩ። አባባ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ ደስታቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ይዘውታል። ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። ምክንያቱም ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ።

ሥራ አስኪያጇ ታንኮራፋለች።

የቀረውን ዳገት የወጣሁት የተኛ ሕፃን ታቅፌ ደረጃ እንደምወጣ ነው። ሆቴሉ በር ላይ ሙሉ በሙሉ ቆምኩ፤ ፕሮፌሰር እንዳስተማረኝ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን፣ ከዚያ ማርሹን፣ መኪናዋ ዳገት ላይ በካምቢዮዋ እንዳትንጠለጠል። ሥራ አስኪያጇ ብትት ብላ ነቃች።

«ለምን ቆምሽ? አንሄድም እንዴ?»

«ደርሰናል እመቤቴ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የሆቴሏን በር አየች። ፀጉሯን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ይገባሉ። እንዳታረፍጂ» አለችኝና ወረደች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። «ያንን ጎማ ግን ጥቁር አድርጊው።»

አባባ ያን ጊዜ ወርደው በየጎማው እየዞሩ መዳፋቸውን ያስነኩ ነበር። አንዱም አልሞቀም። ስልካቸውን አወጡና ፕሮፌሰር ጋ ደወሉ። «አንተ! አልተንገጫገጨችም! አላመንክም? ስማት!» ብለው ስልኩን ነጯ ጎማ ላይ ለጠፉት። የቆመች መኪና ጎማ ምን ይሰማል? ግን ፕሮፌሰር ከወዲያ ሲያጨበጭብ እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። እኔም መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሁለቱንም።

አሁን መኪናዋ አራት አዳዲስ ጎማ አላት፤ አባባ ለስጦታቸው ሁለት ወንድም አስመጥተውለት አራቱንም አንድ ቀን አሰሯቸው። በየጊዜው ከፊት ወደ ኋላ ያዘዋውሯቸዋል፣ እኩል እንዲያልቁ። ነጯ ጎማ ወደ ምሰሶዋ ተመልሳለች። ቀለሟ በኮብልስቶኑ ተልጧል፣ የኮረብታው ጭቃ አሁንም ጎኗ ላይ አለ። አባባ አልቀባም፣ አላጥብም ብለዋል።

ባለፈው እንግዶች ጭኜ በሱቃቸው በኩል ሳልፍ መብራት ያዘኝ። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ እንደኔዋ ያለች ክሮስኦቨር አቁሞ ሁለት ጎማ ብቻ እንዲቀየርለት ይጠይቃል። መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ። አባባ የባሌን ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ ልጃቸው ሌላ ገዝቷል። ሰውዬውን ክንዱን ይዘው ምሰሶው ሥር አቆሙት።

«ሁለት አልሸጥልህም» አሉት። «ያቺን ጎማ ታያታለህ? አዲስ ፊት ብዬ፣ በስጦታ፣ በፍቅር፣ ልጄ የምትነዳትን መኪና በገዛ እጄ ላቃጥላት ነበር።»

ጮክ ብለው ነው የተናገሩት፣ ማዶ ድረስ እንዲሰማ። ፕሮፌሰር ከጋራዡ ሆኖ «እውነት ነው፣ ምስክር ነኝ!» አለ። ሰውዬው ሽቅብ ጎማዋን ያያል። ባሌ በስፌት ክፍሉ በር ብቅ ብሎ እኔን አየኝና ፈገግ አለ። እሱ መኪና መንዳት አይችልም።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ጥሩምባ ነፉብኝ፣ እኔ ግን ያቺ «ልጄ» የምትል ቃል ጆሮዬ ላይ ቀርታ ወዲያው መንቀሳቀስ አልቻልኩም።